ካርቲስ ማሳኽ ከመግዛትዎ በፊት፦ ወላጅ ሊጠይቃቸው የሚገቡ አምስት ጥያቄዎች

በሐደራ ኢንዱስትሪ ዞን በአንድ ፋብሪካ የሌሊት ሚሽመሬት የሚሠሩ አባት እንውሰድ። ጠዋት ደክሟቸው ቤት ሲገቡ የ15 ዓመት ልጃቸው ቦርሳውን እንደያዘ በር ላይ ይጠብቃቸዋል። «አባዬ፣ ኮምፒዩተሩ ጨዋታ ስከፍት ይንቀረፈፋል። ካርቲስ ማሳኽ መግዛት አለብን። ሱቁ 1500 ሸቅል ነው አለኝ፤ በአሥር ታሽሉሚም ይከፈላል» ይላቸዋል። አባት «እሺ ልጄ» ማለት ይፈልጋሉ። ነገር ግን የሚገዙት ዕቃ ምን እንደሆነ አያውቁም። ሱቅ አብረው ሲሄዱ ደግሞ ሻጩ የሚያወራው ከልጁ ጋር ነው። አባት የሚጠሩት አሽራይ ለማውጣት ሲሆን ብቻ ነው።

የዛሬው ትምህርታችን ለእኚህ አባትና እንደ እርሳቸው ላሉ እናቶችና አባቶች ነው። ኮምፒዩተር መክፈት ወይም እንግሊዝኛ ማንበብ አይጠበቅብዎትም። አምስት ጥያቄዎች መጠየቅ ብቻ በቂ ነው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባል የለ!

በመጀመሪያ ዕቃው ምንድን ነው?

በዕብራይስጥ ካርቲስ ማሳኽ፣ በሌላ አጠራር ግራፊክስ ካርድ የሚባለው፣ በኮምፒዩተሩ ሳጥን ውስጥ የሚሰካ፣ ብዙውን ጊዜ ማራገቢያ ያለው ሰሌዳ ነው። ሥራው ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሥዕል ማዘጋጀት ነው። ለደብዳቤ፣ ለባንክና ለትምህርት ቤት ሥራ ካርዱ ባይኖርም ማዓቤድ የሚባለው የኮምፒዩተሩ ዋና አሳቢ ክፍል ብዙውን ጊዜ ሥዕሉን ራሱ ያዘጋጃል። ጨዋታ ሲሆን ግን በአንድ ሴኮንድ 60 ሥዕልና ከዚያም በላይ ስለሚያስፈልግ ይህን ሥራ ብቻ የሚሠራ ካርድ ይፈለጋል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። ይህ ሁሉ ምክር ለቋሚ ኮምፒዩተር ነው። በላፕቶፕ ውስጥ ያለው ካርድ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከሰሌዳው ጋር የተበየደ በመሆኑ አይቀየርም። «የላፕቶፑን ካርድ እቀይራለሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎት ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩ።

ጥያቄ 1፦ ችግሩ በእርግጥ የካርዱ ነው?

ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አይሰጥም። እዚህም ምርመራው ይቀድማል፤ ደግሞም ነፃ ነው።

ልጅዎ ጨዋታውን ከፍቶ እየተጫወተ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ይጫን። ዊንዶውስ ሜናሄል ሐሜሲሞት የሚባለውን መስኮት ይከፍታል። በዚያ ውስጥ የማዓቤዱ፣ የዚካሮኑ (ማለትም የጊዜያዊ ማስታወሻው) እና የካርዱ ሥራ በመቶኛ ይታያል። ካርዱ ወደ 100 በመቶ ተጠግቶ ማዓቤዱ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ያቃተው ካርዱ ነው፤ የልጁ ጥያቄ ትክክል ነው። ማዓቤዱ 100 በመቶ አካባቢ ሆኖ ካርዱ ግማሹን ብቻ እየሠራ ከሆነ ግን አዲስ ካርድ ብዙ አይለውጥም። ዚካሮኑ ሞልቶ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መጨመር ያለበት ዚካሮን ነው። ቁጥሩን በዓይንዎ ይዩት። ቁጥር ለማየት ቋንቋ አያስፈልግም።

ከዚህ ሌላ ሦስት ነገሮች ይታዩ። አንደኛ፣ አቧራ። ማራገቢያው በአቧራ ከታፈነ ካርዱ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ደግሞ ራሱን ለመጠበቅ ሥራውን ያቀዘቅዛል። ኮምፒዩተሩ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ይጽዳ። ሁለተኛ፣ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ማለትም ድራይቨሩ ይታደስ። ይህን ከአምራቹ ድረ ገጽ በነፃ ማውረድ ይቻላል። ሦስተኛ፣ የስክሪኑ ገመድ የት እንደተሰካ ይታይ። ካርድ ያለው ኮምፒዩተር ከጀርባው ሁለት ዓይነት የስክሪን መሰኪያ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ የዋናው ሰሌዳ፣ ሌላው የካርዱ። ገመዱ ዋናው ሰሌዳ ላይ ከተሰካ ካርዱ ተገዝቶም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። «አዲስ ካርድ ገዛን፣ ምንም ለውጥ የለም» ለሚሉ ሰዎች መልሱ አንዳንዴ ይህ ገመድ ነው።

ጥያቄ 2፦ የቀሩት ክፍሎች ከካርዱ ጋር ይራመዳሉ?

በአገር ቤት ያረሰ ሰው ይህን ጉዳይ ከሻጩ በተሻለ ያውቀዋል። ብርቱ በሬ ከደካማ በሬ ጋር ቢጠመድ እርሻው የሚሄደው በደካማው እርምጃ ነው። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ብርቱ ካርድ ከአሮጌ ማዓቤድ ጋር ቢጠመድ ካርዱ ቆሞ ይጠብቃል። የከፈሉበት ጉልበት አይታይም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፦ የማዓቤዱ ስም፣ የዚካሮኑ መጠንና የስክሪኑ ዓይነት። ለዛሬ ጨዋታዎች 16 ጊጋ ዚካሮን ጥሩ መነሻ ነው፤ 8 ጊጋ ብቻ ያለው ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ የሚንቀረፈፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ስክሪኑ ለምን ይጠየቃል? ባለ 60 ሄርዝ ስክሪን በሴኮንድ ከ60 ሥዕል በላይ ማሳየት አይችልም። ካርዱ 150 ሥዕል ቢያዘጋጅም ስክሪኑ የሚያሳየው 60ውን ነው። በተራ ፉል ኤችዲ ስክሪን ለሚጫወት ልጅ ለፎር ኬ ስክሪን የተሠራ ውድ ካርድ መግዛት፣ ለአንድ ቤተሰብ እንጀራ የሠርግ ድንኳን እንደ መትከል ነው።

የሚጫወተው ጨዋታም ይጠየቅ። ፎርትናይት፣ ቫሎራንትና ሮብሎክስ በመካከለኛ ኮምፒዩተር እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው። እንደ ሳይበርፐንክ 2077 ያሉት ግን ከባድ ናቸው። እያንዳንዱ ጨዋታ ቢያንስ የሚያስፈልገውንና የሚመከረውን ዕቃ በሽያጭ ገጹ ላይ ይጽፋል። ልጅዎ ያንን ገጽ ያሳይዎት፤ ከኮምፒዩተሩ ጋርም መሥመር በመሥመር ያስተያይ።

ጥያቄ 3፦ ሳፓኩ ስንት ዋት ነው? ሳጥኑስ ይበቃዋል?

ይህ ብዙ ገንዘብ የሚባክንበት ጥያቄ ነው። በዓርብ ቀን ምድጃው፣ ማዝጋኑና የውኃ ማሞቂያው አንድ ላይ ሲበሩ የቤቱ መብራት ድንገት ሲጠፋ አይተዋል? ኮምፒዩተርም ውስጡ የራሱ ኃይል አከፋፋይ አለው፤ ሳፓክ ኮዋሕ ይባላል። አቅሙ በዋት ተጽፎ በጎኑ ላይ ተለጥፏል። ካርዱ ሳፓኩ ሊሰጥ ከሚችለው በላይ ከጠየቀ ኮምፒዩተሩ በጨዋታ መካከል ይጠፋል ወይም ጭራሹን አይነሣም።

ጥቂት ቁጥሮች እንይ። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4060 እስከ 115 ዋት ይወስዳል። አርቲኤክስ 5060 እስከ 145 ዋት ይወስዳል፤ ለሁለቱም ኩባንያው 550 ዋት ሳፓክ ይመክራል። አርቲኤክስ 5060 ቲአይ እስከ 180 ዋት ሲወስድ 600 ዋት ሳፓክ ይመከርለታል። በሌላው ጫፍ ያለው አርቲኤክስ 5090 ብቻውን 575 ዋት ይወስዳል። በአንጻሩ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው 70 ዋት ብቻ ነው።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ለምን ይጠቅማል? ካርዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚወስድ ካርድ በሙሉ ከሳፓኩ ተጨማሪ ገመድ ይፈልጋል። ስድስት ፒን ያለው ገመድ 75 ዋት፣ ስምንት ፒን ያለው 150 ዋት ይጨምራል። ከቢሮ የወጡ፣ ታድሰው በርካሽ የሚሸጡ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ ይህ ገመድ ጨርሶ የላቸውም። «ሌላ ገመድ ቀጥዬ አመጣዋለሁ» የሚል መፍትሔ አይቀበሉ። የአንዱን ሳፓክ ገመድ በሌላ ሳፓክ ላይ መሰካት ኮምፒዩተሩን ሊያቃጥል ይችላል፤ ሁለቱ ቢመሳሰሉም ውስጣዊ አሠራራቸው ይለያያልና።

ከዚያ ሜትር ይያዙ። ካርዶች ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑም፣ ከ30 የሚያልፉም አሉ። ሳጥኑ ተከፍቶ ባዶው ቦታ ይለካ፤ ከካርዱ መግለጫ ጋር ይተያይ። ሳጥኑ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ቁመቱ ያጠረ ልዩ ካርድ ካልሆነ አይገባም።

ጥያቄ 4፦ የካርዱ ሙሉ ስም ምንድን ነው?

«አርቲኤክስ ነው» ወይም «ስልሳ ነው» የሚል መልስ አይበቃም። የካርድ ስም እንደ ሰው ስም እስከ አያት ድረስ መጠራት አለበት። አርቲኤክስ 5060 ሲባል 50 ትውልዱን፣ 60 ደረጃውን ያመለክታል። አዲስ ትውልድ ሁልጊዜ ብርቱ ነው ማለት አይደለም፤ ለምሳሌ የቀደመው ትውልድ 4070 ከአዲሱ 5060 ይበልጣል።

ስሙ አንድ ሆኖ ዕቃው የሚለያይበት ጊዜም አለ። አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ባለ 8 ጊጋና ባለ 16 ጊጋ ሆኖ ይሸጣል። ኤኤምዲ የሚሠራው አርኤክስ 9060 ኤክስቲም እንዲሁ ባለ 8 እና ባለ 16 ነው። አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው ከባለ 8ቱ በማስታወሻ ብቻ ሳይሆን በፍጥነትም ያንሳል። ጊጋው የካርዱ የራሱ ማስታወሻ ነው። ለፉል ኤችዲ ስክሪን 8 ጊጋ ዛሬ መነሻ ነው፤ አዳዲስ ከባድ ጨዋታ ለሚጫወትና ካርዱን ብዙ ዓመት ለሚያቆይ 12 ወይም 16 ጊጋ ይሻላል። ከኤንቪዲያና ከኤኤምዲ ሌላ ኢንቴልም ካርድ ይሠራል፤ በ2024 መጨረሻ ያወጣው አርክ ቢ580 ባለ 12 ጊጋ ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲጠይቁ የሦስቱንም ይጠይቁ።

ያድ ሽኒያ፣ ማለትም የተሠራበት ካርድ ርካሽ ነው፤ ለብዙ ቤተሰብም ደህና አማራጭ ሊሆን ይችላል። ግን ታሪኩ ይታወቅ። እስከ ሴፕቴምበር 2022 ድረስ ኢተሪየም የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ ለማምረት ብዙ ካርዶች ሌትና ቀን ሳያርፉ ይሠሩ ነበር። አሠራሩ በዚያ ወር ሲቀየር ካርዶቹ ወደ ያድ ሽኒያ ገበያ ጎረፉ። ማራገቢያቸው የደከመ ሊሆን ይችላል። ሌላው ማጭበርበር ደግሞ የአሮጌ ካርድ ውስጣዊ ጽሑፍ ተለውጦ አዲስ ስም እንዲያሳይ ማድረግ ነው። ስለዚህ ያድ ሽኒያ ካርድ ሲገዙ በሻጩ ኮምፒዩተር ላይ ተሰክቶ፣ ከባድ ጨዋታ ተከፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ይዩት። ማሳየት የማይፈልግ ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል። ከግለሰብ ሲገዙ ደግሞ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ እንደ ሱቅ አይጠብቅዎትም፤ ሕጉ የሚመለከተው ነጋዴን ነውና።

ጥያቄ 5፦ ወረቀቱ ምን ይላል?

ልጅ ስለ ካርዱ ከወላጁ ይልቅ ሊያውቅ ይችላል። ስለ ወረቀት ግን ወላጅ ነው የሚበልጠው፤ በወረቀት ምክንያት ስንት ቢሮ ተመላልሷል! ስለዚህ ይህ ጥያቄ የእርስዎ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት የዋጋ ማቅረቢያ፣ ማለትም ሀጻዓት ሜሒር በጽሑፍ ይጠይቁ። የካርዱ ሙሉ ስም፣ ማዓምን ጨምሮ ጠቅላላ ዋጋው፣ የመግጠሚያ ክፍያ ካለ እርሱም ይጻፍ። ከከፈሉ በኋላ ሐሽቦኒት ይቀበሉ። በእስራኤል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቢያንስ የአንድ ዓመት አሐራዩት ሊኖረው ይገባል፤ የአሐራዩት ወረቀቱን ከሐሽቦኒቱ ጋር በአንድ ፖስታ ያስቀምጡ። የሙቀት ወረቀት በጊዜ ብዛት ስለሚደበዝዝ በስልክ ፎቶ ያንሱት።

ስለ መመለስም ሕጉን ይወቁ። ከሱቅ በአካል የተገዛ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ሊመለስ የሚችለው ካልተጠቀሙበትና ካልተበላሸ ነው። ከኤሌክትሪክ ጋር ከተገናኘ ደግሞ እንደተጠቀሙበት ይቆጠራል። ለዚህ ነው ሳፓኩና ሳጥኑ የሚለኩት ካርዱ ከመሰካቱ በፊት ነው የምንለው። ሱቁ የመሰረዣ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከ5 በመቶ ወይም ከ100 ሸቅል ከሁለቱ ካነሰው ግን አይበልጥም። በ1500 ሸቅል ካርድ ላይ 75 ሸቅል ማለት ነው።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከገዙም የመሰረዣው ጊዜ 14 ቀን ነው። ነገር ግን 65 ዓመት ለሞላቸው አረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞች እና የዖሌ መታወቂያ ካገኙ አምስት ዓመት ላልሞላቸው አዲስ መጤዎች፣ ከሻጩ ጋር በንግግር ወይም በመልእክት ተነጋግረው የገዙ ከሆነ፣ ጊዜው አራት ወር ነው። ይህን መብት የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ለአያቶች ይንገሩልን።

ሱቁ እምቢ ቢል መጀመሪያ በጽሑፍ ይጠይቁ። ካልሆነ የሸማቾች ጥበቃና ፍትሐዊ ንግድ ባለሥልጣንን በኮከብ 6552 ማነጋገር ይቻላል። ከዚያም አልፎ ለትንንሽ ክሶች የተቋቋመው ፍርድ ቤት አለ፤ ያለ ጠበቃ ይቀርባሉ። ሐሽቦኒትና የዋጋ ማቅረቢያ የሌለው ሰው ግን በየትኛውም ቦታ እጁ ባዶ ነው።

ዋጋውን በሥራ ሰዓት ይቁጠሩት

በኤፕሪል 2025 በእስራኤል ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 34.32 ሸቅል ነበር። በዚህ ሒሳብ 1500 ሸቅል ተቀናሽ ሳይነሣለት ወደ 44 ሰዓት ሥራ ነው። የሥራ ሳምንት 42 ሰዓት ስለሆነ ካርዱ ከአንድ ሳምንት ሥራ ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ለልጅዎ ሲነግሩት እንዲያፍር አይሁን፤ እንዲያውቅ ይሁን። ታሽሉሚምም ዋጋውን አያቀልልም፤ ከዛሬ ወደ ነገ ያሻግረዋል እንጂ። ካርዱ ከአሥር ወር በፊት ቢበላሽም ክፍያው አይቆምም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን ይታሰብ።

ወደ አባትየው እንመለስ። አምስቱን ጥያቄ ቢጠይቁ ምን ያገኙ ነበር? የልጁ ኮምፒዩተር ከቢሮ የወጣ፣ ሳጥኑ ቀጭን፣ ሳፓኩ 240 ዋት፣ ዚካሮኑ 8 ጊጋ ነው እንበል። ሱቁ ያሳየው ደግሞ አርቲኤክስ 5060 ነው። ሳጥኑ አያስገባውም፤ ሳፓኩም አይሸከመውም። 1500 ሸቅል ወጥቶ ልጁ በዚያው ማታ ያለቅስ ነበር። ለዚህ ኮምፒዩተር የሚስማማው ዚካሮኑን ወደ 16 ጊጋ ማሳደግና ቁመቱ ያጠረውን፣ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገውን 70 ዋት ካርድ ማየት ነው። ወይም ደግሞ ገንዘቡን እያጠራቀሙ ቆይቶ ሙሉ ኮምፒዩተር መለወጥ። ሁለቱም ትክክለኛ መልስ ናቸው። አንድ መልስ ብቻ ነው ስህተት፤ እርሱም ሳይለኩ መግዛት ነው።

ከጨዋታ ወደ እንጀራ

በመጨረሻ ልጁን ሥራ ይስጡት። «ካርድ ከፈለግህ ሦስት ዋጋ ከሦስት ሱቅ አምጣ፤ ማዓቤዱን፣ ሳፓኩንና የሳጥኑን ልክ በአንድ ወረቀት ጻፍ፤ ለምን ይህኛው እንደተመረጠ በአማርኛ አስረዳኝ» ይበሉት። ይህን የሠራ ልጅ የኮምፒዩተር ቴክኒሻን የሚሠራውን ሥራ ግማሹን ሠርቷል። ከሐደራ ብዙ ሳይርቅ በዮቅንዓም የተመሠረተውን ሜላኖክስን ኤንቪዲያ በ2020 በ7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶታል፤ ልጅዎ ካርዱን የሚለምንበት ኩባንያ እዚሁ ጎረቤታችን ሠራተኛ ይቀጥራል። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ካርድ ሳይሆን ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና በ5 ይሒዶት የሚሰጠው የኮምፒዩተር ትምህርት ነው። ከሠራዊት በኋላም እንደ ቴክ-ካሪየር ያሉ፣ ቤተ እስራኤል ወጣቶችን ለኮምፒዩተር ሙያ የሚያሠለጥኑ ድርጅቶች አሉ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሱቅ ሲገቡ ልጅዎ የጻፈውን ወረቀት እርስዎ ይያዙት። ሻጩ ወደ ልጁ ዞሮ ማውራት ሲጀምር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና የመጀመሪያውን ጥያቄ እርስዎ ይጠይቁ፦ «ይህ ካርድ ስንት ዋት ይወስዳል?»